ዘር ያላት ውሻ በሁዳዴ

ሰኞ፣ የካቲት 28፣ ከጠዋቱ 1 ሰ.

ሚዛኑ ላይ አልቆም ብላ ታገለችኝ። እንደ ምንም መዘንኋት። ካለፈው ሰኞ ጨምራለች። ሆዷም ወርዷል። ጥሩ።

ጾም ዛሬ ገባ። የአራዳ ሥጋ ቤቶች ትናንት ቢላቸውን አጥበው ሰቀሉ። እስከ ፋሲካ ሰው ሁሉ ሽሮ ነው። ዲያና ግን በሽሮ አትሆንም። እርጉዝ ናት፤ ያውም ዘር ያላት።

ሒሳቡን አንተ ላይ ላስፍር፤ በዚህ ቤት የማትስቅብኝ አንተ ብቻ ነህ ማስታወሻዬ። የዲያና ዋጋ፣ ሱቁን ዘግቶ ወደ አገሩ ለተመለሰው ፈረንጅ ሰማንያ ብር። ባለቤቴ አስካለ የዚያን ቀን፣ በዚህ ገንዘብ በቅሎ ይገዛ ነበር፣ በቅሎ እርስዎን ትሸከማለች፣ ይህችን ግን የሚሸከሟት እርስዎ ነዎት አለችኝ። በቅሎ አትወልድም። ይህን አላሰበችም። ዲያና ትወልዳለች። ከፈረንጆቹ ሌጋሲዮን አንድ ጸሐፊ ለአንድ ቡችላ ሠላሳ ብር እከፍላለሁ ብሏል፤ ሌሎችም ይጠይቃሉ። አራት ብትወልድ ዋጋዋንም ቀለቧንም ከፍላ የልጄን የዘነበችን ሠርግ ትደግሳለች። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው።

ፈረንጅ አገር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት ሀብት እንዴት እንደሚራባ ነበር። ተመልሼ ዕድሜዬን የሌላ ሰው ደብዳቤ ስተረጉም ጨረስኩ። አንድ ጊዜ እንኳ ለራሴ ልሥራበት።

ሥጋው ከታችኛው ገበያ ከሱሩር ይመጣል። እስላም ስለሆነ ጾማችን አያግደውም። ዘበኛዬ አየለ በየሁለት ቀኑ ሁለት ነጥር ሥጋ ያመጣል፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በጓሮ በር። ክርስቲያን ከእስላም ሥጋ ገዛ ከተባለ በላ ማለት ነው። በላ ከተባለ ሃይማኖቱን ለወጠ ማለት ነው። ለውሻ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

አስካለ በድስቴ አይገባም አለች። ለብቻው ሸክላ ገዛሁ። ይህም ወጪ ነው።


ሰኞ፣ መጋቢት 5፣ ከጠዋቱ 1 ሰ.

ቀንሳለች። ሚዛኑን ፈትሼ ደግሜ መዘንኋት። ቀንሳለች።

ሆዷ እየሰፋ ጎኗ እየገባ ነው። ሥጋው ግን እየመጣ ነው፤ ገንዘቡን የምሰጥ እኔ ነኝ። በእኔ ኪስና በእሷ አፍ መካከል ሌባ አለ።

እጩዎቼ፦ ሱሩር፣ ሚዛን የሚሰርቅ። አየለ፣ መንገድ ላይ የሚሸጥ። ወይም የሚበላ።

ከዛሬ ጀምሮ እከታተላለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።


ረቡዕ፣ መጋቢት 7፣ ማታ

አየለ ፊቱ ወዝቷል። በጾም ፊቱ የሚወዛ ሰው አላየሁም።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለህ ንገረኝ ብዬ አፉን አሸተትሁ። ነጭ ሽንኩርትና ሽሮ። ገባው መሰለኝ፤ ፈገግ አለ። ከዚያ፣ ጌታዬ፣ ሌባ ቢሉኝ እችለዋለሁ፣ ወታደር ነበርሁ፣ የሰው በግ በልቻለሁ፤ የሱሩርን ሥጋ ግን ለበላ አፍ ቄስም አይገኝለት አለኝ። ውሻዋንም የፈረንጅ ወይዘሮ ይላታል። ሰፈሩ ሁሉ ከእሱ ተምሮ እንዲሁ ይላታል። ትናንት አንዲት ሴት ወይዘሮዋ ደኅና አደሩ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አስካለን መስሎኝ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ሳቁ።

አየለን ከእጩዎቹ ላወጣው ነው። ሌባ ሆኖ ሊሆን ይችላል፣ ይህን ግን አይበላም። ሰው በአንድ በኩል የማይታመን ሆኖ በሌላ በኩል የሚታመን መሆኑ ምርመራ ያበላሻል።

ሱሩር ቀረ።


ዓርብ፣ መጋቢት 9

ጅቦቹ ሦስት ሌሊት ተከታትለው አጥራችን ሥር ናቸው። ዱሮ ከእሪ በከንቱ ወንዝ አይወጡም ነበር። ጠዋት ሳይ ከቁልቋሉ ሥር ምድሩ ተቆፍሯል፣ አጥሩም ተቀዷል። የዲያና ሽታ ይሆናል የሚስባቸው። አጥር ማሳጠሪያ አንድ ብር ተኩል። በሒሳቧ ላይ ጨመርኩ።

አስካለ አጥሩን እኔ አሳጥረዋለሁ፣ እርስዎ አይድከሙ አለች። እንዲህ ያለ ደግነት ከየት መጣ?


ቅዳሜ፣ መጋቢት 10፣ ከቀኑ 8 ሰ.

ለአየለ ሳልነግር ራሴ ወደ ሱሩር ወረድኩ። ከሚዛኑ ላይ አንስቶ እንዳይቀንስ በዓይኔ ለማየት። የራሴን የነጥር መመዘኛ በኪሴ ይዤ ነበር፤ የእሱን ድንጋይ ከእኔ ጋር አስተያየሁ። እኩል ነው። እንዲያውም ከላይ ቁራጭ ጨመረልኝ። ጌታው፣ ዘበኛዎ ይህን ያህል ጨምሬለት አንድ ቀን እንኳ አላመሰገነኝም አለኝ። ሌባ አይደለም።

ጥቅሉን ተቀብዬ ስዞር ግራዝማች ደምሴ በበቅሎ ከላይ መጣ።

የዘነበች አማች የሚሆነው እሱ ነው። ልጁ ነው የሚያገባት። ጭፍሮቹ ኋላ ኋላው። በቅሎዋን ገታ። ፊቴን አየ፣ ሱሩርን አየ፣ ጥቅሉን አየ። ደም በጨርቁ ወጥቷል።

«ጾሙ እንዴት ይዞዎታል?»

እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ለውሻ ነው የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር። ለምን? ገበያ መሃል ቆሜ ለእሱ እናዘዛለሁ? በሰው ዘንድ ማስረዳት የሚያስፈልገው ጥፋት ያለበት ነው። እጅ ነስቶ አለፈ። ጭፍሮቹ ግን ዞረው ዞረው አዩኝ።

ሌባውን አላገኘሁም። ሌባ ሆኜ ተገኘሁ።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 13፣ ማታ

የነፍስ አባታችን መምሬ ኃይሉ ከጊዮርጊስ ቅዳሴ ወጥተው በቀጥታ እኛ ዘንድ። ሽማግሌ ሆነው ነው የመጡት እንጂ ለቡራኬ አይደለም። ግራዝማች ሠርጉ ይቆይ ብሏል። ይቅር አላለም፤ ይቆይ። ይህ የባሰ ነው። የሚቀር ነገር ምክንያቱ ይነገራል፣ የሚቆይ ነገር ምክንያቱ ይወራል።

አስካለ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። አልገባችም።

መምሬ ሥጋው የማን ነው ብለው ጠየቁኝ። የውሻዬ ነው አልኳቸው። ጥምጥማቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ልጄ፣ በላሁ ብትል ይሻልህ ነበር» አሉ። «የበላ ሰው ንስሐ አለው። ክርስቲያኑ ሽሮ ሲበላ ውሻዬ ሥጋ ትበላለች ያለ ሰው ግን ምን ቀኖና እሰጠዋለሁ?»

ተናደድኩ። ስለ ንጹሕ ዘር፣ ስለ ቡችሎቹ ዋጋ፣ የሠርጉ ድግስ ከዚያ እንደሚወጣ አንድ ባንድ አስረዳኋቸው። ጨርሰው አዳመጡ። ከዚያ፣ እንግዲያስ ግራዝማችን ይዤ እመጣለሁ፣ ውሻዋን በዓይኑ ይያት፣ የሚያየውን ያምናል አሉ። መልካም ነው። ዓይን ይፍረድ። ዘነበች ሲወጡ እግራቸውን ስማ ሸኘቻቸው። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም።


እሑድ፣ መጋቢት 18፣ ከቀኑ 6 ሰ.

ቶሎ ልጻፍ።

ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ግራዝማች፣ መምሬ፣ ሁለት ሽማግሌዎች። መጀመሪያ ከፈረንጁ የተቀበልኩትን የዘር ወረቀት አወጣሁ። ዋጋዋን ያውቁ ዘንድ ብዬ። አባቷ እገሌ፣ እናቷ እገሊት፣ አያቶቿ፣ ቅድመ አያቶቿ፤ እየተረጎምኩ አነበብሁ። የአባቷ አባትና የእናቷ አባት አንድ ውሻ ነው። ፈረንጆች ዘር እንዳይደባለቅ እንዲህ ያደርጋሉ፣ ዋጋው በዚህ ይጨምራል አልኩ። ግራዝማች ወደ መምሬ ዞረ። ለልጆቻችን ዝምድና እንዳይኖር ባለፈው ወር እዚሁ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ሰባት ቤት ቆጥረናል። ሽማግሌዎቹ አማተቡ።

ከዚያ ዲያናን አየለ አመጣት።

በጠራው ፀሐይ ላይ ያኔ ነው በሌላ ሰው ዓይን ያየኋት። የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። ዳሌዋ ተቀስሯል። ሆዷ ብቻ ተንጠልጥሏል። ግራዝማች ከበቅሎ ነጋዴ በማይተናነስ ዓይን ዞራት። አፏን ከፍቶ ጥርሷን አየ፣ ትከሻዋን ዳበሰ፣ እግሯን አነሳ። (ጥርሷን ምን ሊያደርግለት?) ከዚያ ቀና አለ።

«ይህች ውሻ ሥጋ ካየች ሰንብታለች» አለ።

ቀሪውን አልጠየቀም። መጠየቅ አላስፈለገውም። ሥጋው ገብቷል፣ ገበያ ላይ በእጄ ታይቷል። ውሻዋ አልበላችውም። ታዲያ ማን በላው? ሁሉም እኔን ሳይሆን ምንጣፉን አዩ።

ሄዱ።


በዚያኑ ዕለት፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ሌባው ታወቀ።

አስካለ ናት።

ደጃፉ ላይ ተቀምጬ አየለን አስጠርቼ፣ ዛሬ እውነቱን ካልነገርከኝ ከዚህ ቤት ውጣ አልኩት። ወደ ጓዳው ብቻ አየ። እሷ ወጣች። ተወው፣ እሱ የታዘዘውን ነው ያደረገው አለች። ነጠላዋን አደግድጋ ፊት ለፊቴ ቆመች።

ሥጋው በጓሮ ገብቶ ከቁልቋሉ ሥር ይቀበር ነበር። ከሁዳዴ መጀመሪያ ቀን ጀምሮ። ጅቦቹ ማታ ማታ ቆፍረው ይበላሉ። ዲያና ሽሮ ፍትፍት ትበላለች፤ ያውም እንደ እኛው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። የሠላሳ ብር ቡችላ የማስብ እኔ የእሪ በከንቱን ጅብ ስቀልብ ከረምኩ።

ለምን አልኳት።

«ዘነበች በደኅና እስክትዳር ድረስ በዚህ ግቢ ያለ ፍጡር ጾም አይገድፍም ብዬ ለጊዮርጊስ ተስያለሁ» አለች። «ውሻዋ ከቤቱ ሰው እኩል ናት ብለው የለ? ቤቱ ሲጾም እሷም ጾመች።»

ልትነግሪኝ አትችዪም ነበር ወይ አልኩ። ለእርስዎ እውነት የነገረ ሰው ሁለት ጊዜ ነው የሚመረመረው አለች። ተቆጥታ አይደለም የተናገረችው። እንደ ታወቀ ነገር።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 20

ከአስካለ ጋር አንነጋገርም። በዘነበች በኩል ነው የምንላላከው።

እሷ ግራዝማች ዘንድ ሄጄ እናገራለሁ ብላለች፤ ሥጋውን ደብቄ የቀበርኩ እኔ ነኝ፣ እሱ አልበላም። አሰብኩበት። እንደ ሒሳብ ሰው አሰብኩበት። ብትናገር እኔ እነጻለሁ። እሷ ግን ባሏን የምታታልል፣ ገንዘቡን ለጅብ የምትሰጥ ሴት ትባላለች። ከዚያ ሰው ልጅቱን ያያል። እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ ይላል ያገሬ ሰው። ሠርጉ ያኔ አይቆይም። ይቀራል።

ዝም ብትል ደግሞ እኔ የእስላም ሥጋ የበላሁ፣ ያውም በሁዳዴ። ሠርጉ ይቆያል፣ ይቆያል፣ ይረሳል።

ፈረንጅ አገር የተማርኩት ወጪና ገቢ እንዲህ ያለ ነገር የለበትም።

ማታ ዘነበች ውሃ አመጣችልኝ። እግሬን እያጠበችኝ ሳለ ዝቅ ብላ፣

«አባባ፣ በልተው ነው?»

ብላ ጠየቀችኝ። አልበላሁም አልኳት። እሺ አለች። እንዳላመነችኝ አውቃለሁ፤ እሺ የምትለው እንደ እኔ ነው። እኔም ለአየለ እሺ የምለው እንዲሁ ነው።

ለብዙ ሰዓት አልተኛሁም። ይኸውልህ ማስታወሻዬ፣ አንተም ታምነኝ እንደሆነ አላውቅም።


ሐሙስ፣ መጋቢት 22፣ ከጠዋቱ 3 ሰ.

ወለደች። ስድስት። ሁለቱ ሞተው። አራቱ ይተነፍሳሉ፤ ሦስት ወንድ አንዲት ሴት። ሁሉም ጥቁር፣ እርጥብ፣ ዓይነ ስውር። ዘር እንዳላቸው ከምን ይታወቃል? የፈረንጁን ወረቀት አየሁ፣ እነሱን አየሁ። አይመሳሰሉም።

ወተት የላትም። ተኝታ ታየኛለች ብቻ። አራቱም ሊሞቱ ነው። መቶ ሃያ ብር። ለምን ይህን ጻፍኩ? መጀመሪያ የመጣልኝ ብሩ አልነበረም። አፋቸውን ከፍተው ባዶ ጡት ሲስቡ ነው ያየሁት። ይህን አልሰረዝኩም፤ ይቆይ።


በዚያኑ ዕለት፣ ከቀኑ 7 ሰ.

አስካለ ጓሮ ሄደች። ልከለክላት ተነሳሁ፤ ምን ልታደርግ እንደሆነ አላመንኳትም። ሳሕን ይዛ ነበር። ገንፎ። መሃሉ ተጎድጉዶ ቅቤ የፈሰሰበት፤ ሰው ሲወልድ እንደሚደረገው። ያውም በራሷ ድስት የተሠራ። ዲያና ፊት ተቀምጣ በጣቷ ቆርሳ ቆርሳ አጎረሰቻት።

ስለቱስ አልኩ። ከእሑድ ጀምሮ ያነጋገርኳት የመጀመሪያ ቃል ነው።

«አራስ አትጾምም» አለች ሳትዞር። «አንድ ጊዜ ቢጠይቁኝ ኖሮ ለነፍሰ ጡርም መምሬን እጠይቅልዎ ነበር። እርስዎ ሌባ ፍለጋ ላይ ነበሩ።»

ማታ ጡቷ ሞላ።


ዓርብ፣ መጋቢት 23፣ ከቅዳሴ በኋላ

መምሬ ኃይሉ ዘንድ እኔ ሄድኩ። ሁሉን ነገርኳቸው፤ ስለቱን፣ ቁልቋሉን፣ ጅቡን። ሳቁ፤ ከዚያ በሳቃቸው አዘኑ። አስካለ ለማንም እንዳትናገር እፈልጋለሁ አልኳቸው። እንግዲያስ ምን ታስባለህ አሉኝ።

ቄደር ያንብቡልኝ አልኩ።

ከሃይማኖቱ ወጥቶ ለተመለሰ ሰው የሚነበበው ጸሎት ነው። ጠበል ይረጫል። በሰው ፊት ነው። የእስላም ሥጋ የበላ በዚያ ይነጻል፤ ከነጻ በኋላ ያን ነገር የሚያነሳበት ሰው ራሱ ይወገዛል። ግራዝማችም ቢሆን። ማለት አፉ ይዘጋል፣ ሠርጉ ይከፈታል።

ያልበላኸውን በላሁ ብለህ እንድትዋሽ አልፈቅድልህም አሉ መምሬ። አልዋሽም፣ ዝም ነው የምለው አልኩ። ጥቂት አሰቡ።

«የበላኸውን አልጠይቅህም» አሉ በመጨረሻ። «በእጅህ ይዘህ ያስገባኸውን ነው የማነብልህ። ሰው እንደ ገባው ይገባዋል።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ። ተስማማን።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 24፣ ከቀኑ 11 ሰ.

የግራዝማች አሽከር መጣ። መምሬ ነግረውት፣ ግራዝማች እሑድ እመጣለሁ፣ አጠገቡ እቆማለሁ ብሏል። ሠርጉ በተባለው ቀን ይሁን ብሏል። አስካለ ጓዳ ገብታ እልል አለች፤ በጾም ድምፅዋን ዋጥ አድርጋ። ዘነበች እግሬን ሳመች። ምን እንዳመነች አልጠየቅኋትም።

አሽከሩ ግን አልሄደም። በሩ ላይ ቆሞ ቆቡን አወለቀ፣ አጠለቀ። ሌላም መልእክት አለ። ግራዝማች ውሻዋ መውለዷን ሰምቷል። ከወንዶቹ ትልቁ ለእሱ ይቀመጥለት ዘንድ ይለምናል፤ ባለፈው ሲያያት ትከሻዋንና ጥርሷን ወዶታል።

ጥርሷን! ያን ዕለት ምን ሊያደርግለት ብዬ ነበር። እኔን በሥጋ ሲጠረጥረኝ እሱ ውሻ ሲመርጥ ነበር? ሠርጉን ያስቆየው ለጾሙ ነው ወይስ ለዋጋው? አማች ለአማች ቡችላ አይሸጥም። ሠላሳ ብር አጎደለብኝ፣ ያውም እኔን ጠበል አስረጭቶ። ላውቅ አልችልም። አየለን ጠየቅሁት። ጌታዬ፣ ሰው ሁለቱንም ማሰብ ይችላል፣ እርስዎ ብቻዎን ነዎት እንዴ አለኝ።

ሒሳቡን ዘጋሁ። ወጪ፦ ውሻዋ፣ ጅቦቹ የበሉት ሥጋ፣ ሸክላው፣ አጥሩ፣ ነገ ለቤተ ክርስቲያኑ የምሰጠው ጥላና ሻማ። ገቢ፦ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት የሚሸጡ። አንድ ወንድ የሚሰጥ። የዘነበች ሠርግ፤ ይህን በየትኛው በኩል እንደምጽፈው ስላላወቅሁ መሃል ላይ ጻፍሁት።

ነገ ነጭ ለብሼ እቆማለሁ። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደሳቀ አልቆጥርም። እቆጥራለሁ፤ ግን ጮክ ብዬ አይደለም።

ለግራዝማች ትልቁን ወንድ እልካለሁ። ያለ ዋጋ፣ በአስካለ አገልግል፣ ከሰላምታ ጋር። የዘሩን ወረቀት ግን አልሰጠውም፤ እኔው ሳጥን ውስጥ ይቀራል። ያለ ወረቀቱ ውሻ ብቻ ነው።